ጓድ መርዕድን የሚያስመስለው ሰው

ገሠሠን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የራሱ ድምፅ ነው። ሌሊቱን የሆስፒታል ወለል ሲወለውል አድሮ፣ ጧት ገብቶ፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ገሠሠ ሲናገር ሰማ። መጀመሪያ ሕልም መሰለው። ቀጥሎ የሴቶች ሳቅ መጣ፤ ከሳቁ መሀል ደግሞ ያው ድምፅ እንደገና ጉሮሮውን ጠርጎ "ነጥብ አንድ!" አለ። ሰውዬው አልጋው ላይ አፉን ዘግቶ ተጋድሟል፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ቆሞ ይደነፋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው ወይ ለጠንቋይ ወይ ለፊልም ተዋናይ ነው። ገሠሠ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ ያውም አስቂኝ። ቢሆንም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያ ድምፅ ጆሮው ሲገባ ዘሎ ተቀመጠ። ይህን ነገር የተናገረው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው ብሎ ያምን ነበርና።

ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወጣ። አትላንታ አጠገብ፣ ዲኬተር ውስጥ የሚኖርበት አፓርታማ የታላቅ እኅቱ የኤልፍነሽ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋ። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ሶፋው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ኤልፍነሽ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጣለች። ከሥሩ ያለው ቪሲአር ላለፈው የገና በዓል በዱቤ የተገዛ፣ ክፍያው ገና ያላለቀ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ገሠሠ የሰው ሱፍ ለብሶ፣ ሁለት ጣቱን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አድርጎ፣ አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በመሐረብ የአፉን ጥግ እየጠረገ በሠርግ ታዳሚ ፊት ይንጎራደዳል። ከጀርባው ሙሽሮቹ በሳቅ ተጣጥፈዋል።

"ተነሣህ? ና እስቲ ራስህን እይ! በሳቅ ሞትን እኮ!" አለች ኤልፍነሽ።

"ይሄን ማነው የቀረጸው?"

"የሙሽራው የነጋሽ አጎት ልጅ ነዋ! ሠርጉን ከጧት እስከ ማታ ነው የቀረጸው። ሶፍያ ቅድም ለእኛ አንድ ጣል አድርጋ ሄደች። አንድ ኮፒ ደግሞ ለእናቷ እየላከች ነው። እትዬ አበዛሽ ዛሬ ማታ አይደል ወደ አዲስ አበባ የሚበሩት?"

ይህን ተናግራ ስትጨርስ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ወንድሟን አየችው፣ እሱም አያት። ጎረቤቶቹ ምንም አላስተዋሉም፤ አንዷ እንባዋን እየጠረገች "መልሺው፣ መልሺውና ያቺን መሐረቧን እንያት" ትላለች። እኅትና ወንድም በሰው ፊት ምንም ሊባባሉ አልቻሉም። ኤልፍነሽ "ቆይ ሻይ ላምጣላችሁ" ብላ ወደ ኩሽና ገባች፤ ገሠሠም ውኃ የጠማው መስሎ ተከተላት።  እሷ የግድግዳውን ስልክ አንሥታ ወይዘሮ አበዛሽ ያሉበትን ስኔልቪል ደወለች። ተይዟል። ዘግታ ደገመች። ተይዟል። መንገደኛ ያለበት ቤት ስልክ በመሄጃው ቀን ተይዞ ነው የሚውለው፤ የከተማው ሰው ሁሉ አደራ የሚጨምርበት ቀን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ የሠርግ ቀልድ ነው። ጓድ መርዕድን ለሚያውቅ ግን ሌላ ነው። ጓድ መርዕድ አዲስ አበባ፣ ገሠሠ ይኖርበት የነበረው ቀበሌ ሊቀመንበር ነው። ንግግሩን ሁልጊዜ "ነጥብ አንድ" ብሎ ይጀምራል፤ ነጥብ ሁለትን የሰማ ነዋሪ ግን የለም፣ በአንደኛው ላይ ጀንበር ትጠልቅበታለችና። ሕዝቡ ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ ገሠሠ ተቀምጦ የሰውየውን ጣቶች፣ መሐረቡን፣ ሰው ሊያሳስር ሲል ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበትን መንገድ ያጠና ነበር። ፊልም ላይ ግን አንድም ቀን አልሠራውም። አልደፈረም። የሠራቸው ፊልሞች ሁለት ናቸው፤ በአንዱ ቆሞ የሚያንቀላፋ ዘበኛ ነበር፣ በሌላው ተሳስቶ የማያውቀው ሰው ሠርግ ላይ የተቀመጠ ባላገር። ለዚያ እንኳን የዘበኛው ባርኔጣ አጉል ነገር ያስታውሳል ተብሎ ተጠርቶ "ማንን ለማለት ነው?" ተብሎ ተጠየቀ። ማንንም ለማለት እንዳልሆነ እስኪታመን ድረስ ታሰረ። ሲፈታ ሰው መንገድ ላይ ገና ሲያየው ይስቅ ጀመር፣ ምንም ሳይናገር። ያኔ ነው ሳቅን መፍራት የጀመረው። ብዙም ሳይቆይ በሱዳን በኩል ጠፋ።

ሚስቱ ወይንሸት እዚያው ቀረች። ስለ ባሏ ለሚጠይቃት ሁሉ "ወሬው የለም፤ በረሃ ላይ ቀረ ይላሉ" እያለች ዓመታት ኖራለች። ደብዳቤያቸው ሮም ባለች ዘመድ በኩል በሌላ ሰው ስም ይመላለሳል፤ አንዱ ደብዳቤ ለመድረስ ወር ይፈጃል። አሁን ኩላሊቴን ልታከም ብላ ወደ ሮም ለመውጣት አመልክታለች። ኩላሊቷ ምንም አልሆነም፤ ከሮም ወዲህ ማምጣቱ የገሠሠ ፋንታ ነው። ለመውጫ ቪዛው ግን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ፈራሚው ጓድ መርዕድ ነው፤ ውጭ አገር የሚጠብቃት ባል ስለሌላት ሊፈርምላት አስቧል ተብሏል። ይህን ሁሉ አትላንታ ውስጥ የሚያውቁት ገሠሠና ኤልፍነሽ ብቻ ናቸው። ጉዳይ ያለበት አበሻ ጉዳዩን አያወራም፤ ቪዛው እስኪመታ ለነፍስ አባቱም አይተነፍስም። የሰው ጆሮ ይፈራል፣ የሰው ዓይን ይፈራል። ስለዚህ ሶፍያ፣ ሙሽራዋ፣ የዚያው ቀበሌ ልጅ ሆና ሳለ፣ ለእናቷ ምን እየላከች እንደሆነ አታውቅም። እሷ የላከችው ሠርጓን ነው።

ገሠሠ ሱሪውን ሸሚዙን እንደነገሩ አጥልቆ ማርታ በሚባለው የከተማው ባቡር ወደ ሚድታውን ሄደ። ሙሽራው ነጋሽ እዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ ነጋሽ ደግሞ መኪና አለው። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጦ ለምን ሠራሁት እያለ ራሱን ጠየቀ። መልሱን ያውቀዋል። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ እሱ ያሳቀው ሰው የለም። አንድ ጊዜ እዚሁ አትላንታ ሲቀረጽ በነበረ ፊልም ላይ ታክሲ ነጂ ሆኖ ሠርቶ ነበር፤ ኤልፍነሽ ዘመድ አዝማድ ሰብስባ ሲኒማ ቤት ይዛቸው ብትሄድ የታየው ማጅራቱ ብቻ ሆነ። ሠርጉ ላይ ሰው "እባክህ ገሠሠ፣ እባክህ" አለ። ቮድካም ነበረበት። የካሜራው መብራት ሲጠፋ አየ፤ መብራቱ ሲጠፋ ካሜራውም የጠፋ መሰለው። ተነሥቶ ሁለት ጣቱን ቀበቶው ውስጥ ሲሻጥ፣ ገና ምንም ሳይል፣ ከወደ ኋላ አንዲት ሳቅ መጣች። ያቺን ሳቅ የቀመሰ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም። ለዓመታት በሆዱ የያዘውን መርዕድን አወጣው፣ አንጎራደደው፣ አሳለው፣ አስፈከረው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። አሁን ያ ደስታ ትዝ ሲለው ፍርሃቱ ባሰበት። ፊት ለፊቱ የተቀመጠች አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት አይታው ፈገግ አለች፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ነጋሽ "ቀኑን ሙሉ አራት ዶላር" ከሚል ሰሌዳ ሥር ባለች ጠባብ የመስተዋት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሠርጉን ከሠረገ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ለፀጉር መቆረጫና ለሱፍ የተበደረው ገና አልተከፈለም፣ እሱ ግን እንደ ባለጸጋ ይስቃል።

"ስታሩ መጣ! ጋሽ ገሠሠ፣ ቴፑን አየኸው?"

"ነጋሽ፣ አሁኑኑ ስኔልቪል ውሰደኝ።"

"ሺፍቴ እኮ እስከ ስድስት ነው። ምን ሆነሃል? ላብ በላብ ሆነህ የለ።"

"ለእትዬ አበዛሽ የሰጣችሁት ቴፕ ላይ እኔ አለሁበት።"

"አለህበታ! ቤስት ፓርቱ እኮ አንተ ነህ። እሱን እንዳይቆርጠው ብዬ ልጁን ዎርን አድርጌዋለሁ።"

ገሠሠ ነገረው። ለኤልፍነሽ ካልሆነ ለሰው ያልተናገረውን ጉዳይ፣ መኪኖች እየገቡና እየወጡ፣ ነጋሽ በመስኮቱ ሳንቲም እየመለሰ፣ እየቆራረጠ ነገረው። ወይንሸት፣ ሮም፣ ደብዳቤው፣ በረሃ ላይ የቀረው ባል። ነጋሽ ጥርሱ ቀስ እያለ ተከደነ። ማዶ ያለውን ባልደረባውን ጠርቶ "ከቨር አድርግልኝ" ብሎ ቁልፉን አነሣ።

በስቶን ማውንቴን መንገድ ወደ ስኔልቪል ገሰገሱ። የነጋሽ መኪና አሮጌ ዳትሰን ናት፤ ማቀዝቀዣዋ አይሠራም፣ መስኮቱን ሲከፍቱ ነፋሱ ንግግር ይወስዳል። ገሠሠ ራሱን ለማጽናናት ያህል "ቴፑ ቢሄድስ የት ያዩታል? ድሃ ሠፈር እኮ ነው። ዴክ ያለው ሰው የለም" አለ።  ነጋሽ መሪው ላይ እያየ ተናገረ።

"አለ። አንድ ሰው አለው። ሶፍያ ነግራኛለች፣ እናቷ ጽፋላት ነው። ምሥራቅ ጀርመን ለኮርስ ሄዶ ይዞ መጥቶ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ ያሳያል አለች፣ ናይስ ሰው ነው አለች።"

"ማነው?"

"ሊቀመንበሩ ነው መሰለኝ፣ ጋሽዬ።"

ገሠሠ ዓይኑን ጨፈነ። በዓይኑ መጣበት፤ የሶፍያ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሠፈሩ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ምናልባት ወይንሸትም ጥግ ይዛ፣ ጓድ መርዕድ በገዛ እጁ ቴፑን ለማሽኑ ሲያጎርሰው። ከዚያ፣ ከሙታን መሀል ተነሥቶ የሚንጎራደደውን ገሠሠን ሲያይ። ከዚያም የሚንጎራደደው ገሠሠ አለመሆኑን፣ ራሱ መሆኑን ሲያውቅ። "ንዳው" አለ። ነጋሽ ድሮም እየነዳ ነበር፤ ግን ጨመረ።

ስኔልቪል ያለው ቤት የወይዘሮ አበዛሽ ሴት ልጅ ንብረት ነው። ነርስ ናት፣ ለሥራ ወጥታለች። አዲስ የተሠራ ሠፈር ነው፤ ሣሩ ገና አልያዘም፣ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ነጋሽ አንዴ ተሳስቶ የሌላ ሰው በር ላይ ፓርክ አድርጎ ተመለሰ። ውስጥ ሲገቡ ምንጣፉ አይታይም። ሁለት ሻንጣ ተከፍቶ በዙሪያቸው የከተማው አደራ ተዘርግቷል፤ ጫማ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ መነጽር፣ የሕፃን ልብስ፣ ስሙ የተጻፈበት፣ ስሙ የጠፋበት። ሶፍያ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አምጥታ ሻንጣ ታቅፋ ትመዘናለች፤ ወርዳ ብቻዋን ትመዘናለች፤ ቀንሳ ታሰላለች። ወይዘሮ አበዛሽ ከጧት ጀምረው የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያው ከገሠሠ ቀበሌ የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። ታክመዋል፤ ልጃቸው ቅሪ እያለች ታለቅሳለች፤ መቅረት ግን አይሆንላቸውም፣ ይመለሳሉ ብሎ የፈረመው ዋስ ወንድማቸው ነው።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ አበዛሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተም አደራ ይዘህ መጣህ? ቦታ የለም ልጄ።"

"አይ፣ እኔስ የመጣሁት የሚቀንስ ነገር ይዤ ነው" አለ ገሠሠ፤ ማንም አልሳቀም። ወደ ሶፍያ ዞረ። "ሶፍያ፣ ቴፑን አውጪው።"

ሶፍያ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ነጋሽ ባጭሩ ሲነግራት ግን ሻንጣው ላይ ተቀመጠችበት። "ኖ" አለች፤ "ኖ ዌይ። እናቴ እኮ ልቧ ታማለች። ሠርጌን ሳታይ ልትሞት ነው? ለምን አልነገርከንም? ባክህ ለምን አልነገርከንም?" ገሠሠ "ጉዳይ ነዋ" አለ። ሌላ መልስ አላስፈለገም፤ እሷም ራሷ የወንድሟን ጉዳይ ለነጋሽ እንኳ የነገረችው ከተጋቡ በኋላ ነው። ከሻንጣው ላይ ተነሥታ "እሺ፣ ያንተን ብቻ እናጥፋው" አለች።

የቤቱ ቪሲአር ላይ አስገቡት። ቀልዱ የሚጀምርበትን ፈልገው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ በሰዓቱ የነበረውን ነገር በላዩ ላይ መቅረጽ ጀመሩ። በሰዓቱ የነበረው ጎልፍ ነው። አራት አበሾች አንዲት ነጭ ኳስ ሣር ላይ ስትንከባለል ትንፋሻቸውን ይዘው ተመለከቱ። ከጓድ መርዕድ መንጎራደድ ያነሰም የበዛም እንዳይሆን ነጋሽ ሰዓቱን ይዟል። ሲጨርሱ መልሰው አዩት፤ ሙሽሪት ትስቃለች፣ ጎልፍ፣ ሙሽሪት እንባዋን ትጠርጋለች። ሶፍያ ከንፈሯን ነከሰች። ገሠሠ ግን ገና ትንፋሹን ሳይመልስ ቴፑ ቀጠለና ኬኩ ሲቆረጥ ከጀርባ ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው ታየ። እሱ ነው። ወደ ፊት አሮጡት። ጭፈራው ላይ ትከሻውን የሚነቀንቀው እሱ ነው። ወደ ኋላ መለሱት። ሙሽራው ቤት በር ላይ ጃንጥላ የያዘው እሱ ነው። ሶፍያን ከመኪና ሲያወርዷት ቬሏን የሚያነሣላት እሱ ነው። የሠፈሯ ወንድ እሱ ብቻ ስለነበረ እንደ አባት ሆኖ ከአጠገቧ አልተለየም። የሌለበትን ሠርግ ከዚያ ውስጥ ማውጣት አይቻልም ነበር።

ሶፍያ ማሽኑን አጠፋችው። ቴፑን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ያዘችው። "ፎቶ እልክላታለሁ" አለች፤ "አንተ የሌለህበት ሁለት ፎቶ አለ።" አላለቀሰችም፣ ብታለቅስ ይሻል ነበር። ገሠሠ ይቅርታ ሊላት ፈለገ፣ ግን ይቅርታው ከተወሰደባት ነገር ጋር ሲመዘን አነሰበትና ተወው። አፍሮ ነበር፤ ከኀፍረቱ ሥር ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ እፎይታ ነበረ።

እፎይታው ብዙ አልቆየም። ወይዘሮ አበዛሽ ከወንበራቸው ጫፍ ሳይነቃነቁ ተናገሩ።

"ቴፑንስ አስቀራችሁት። እኔንስ?"

ሦስቱም ዞረው አዩአቸው።

"ስወጣ ቢሮው አስጠራኝ፣ መርዕድ። ሻይ አስመጣልኝ። 'ሲመለሱ ሻንጣዎን እንኳን ሳያሳርፉ እኔ ጋ ጎራ ይላሉ፤ እዚያ ያሉ የሠፈራችንን ልጆች አንድ ባንድ ያጫውቱኛል' አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለኝ። ሠርጉ ላይ ስታስመስለው እኔ አውቄዋለሁ ልጄ። ሁሉ ሰው ሲስቅ እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።"

"ገሠሠን አላየሁትም ይበላ!" አለ ነጋሽ።

"ፊቴ ይናገራል። ውሸት አልተማርኩም። ወንድሜ ዋሴ ነው፤ ያን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።"

ገሠሠ ሰዓቱን አየ፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለመነሣት ጥቂት ቀርቷል። በዓለም ላይ የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ ያልሆኑትን መሆን። ስለዚህ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና "እንለማመደው" አለ። "እኔ እሱን ልሁን። እርስዎ ከአውሮፕላን ወርደው መጥተዋል። አይፍሩ፣ እኔ ነኝ።" ሁለት ጣቱን ቀበቶው ውስጥ ሻጠ። አገጩን ሰቀለ። መሐረብ ስላልነበረው በእጁ ጀርባ የአፉን ጥግ ጠረገ። ይህ ሁሉ በሠርጉ ዕለት ሁለት መቶ ሰው ያንከተከተ ነገር ነው። አሁን ማንም አልሳቀም። ነጋሽ ሳያውቀው ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

"ነጥብ አንድ" አለ ገሠሠ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ አበዛሽ። ለመሆኑ ያ ቀልደኛው ገሠሠ... እዚያ አለ ይሉናል?"

ወይዘሮ አበዛሽ ተነሥተው ቆሙ። ማንም ተነሡ አላላቸውም፤ ጉልበታቸው ራሱ ነው ያነሣቸው። "አላየሁም ጌታዬ" አሉ፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ሄደ።

"አላየሁም ነው ወይስ የለም?"

"የለም... አላየሁም... እኔ ዓይኔን ታምሜ..." ቦርሳቸው ወደቀ።

ገሠሠ ጣቶቹን ከቀበቶው አወጣ። በመርዕድ ፊት በሰው ላይ ያየው ፍርሃት አሁን በራሱ ፊት ሲመጣ አስጠላው። "እንድገመው" አለ፣ ደገሙት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ፤ አሁን ደግሞ ገና ሳይጠየቁ መለሱ። ሶፍያ ውኃ አመጣችላቸው። አሮጊቷ ጠጡ፣ ብርጭቆውን መለሱ፣ ተቀመጡና አሰቡ።

"ልጄ፣ አላየሁም ካልኩት ሌላ ጥያቄ ያመጣብኛል። ሞቷል ካልኩት ግን ጥያቄ አያመጣም፣ የሚያመጣው ልቅሶ ነው። በልቅሶ ደግሞ አላንስም። እንባዬ ለማን እንደሆነ ማን ያውቃል? የራሴ ሙት ሞልቶኛል።"

"እንዴት ብለው?"

"አንተ ጠይቀኝ።"

ገሠሠ ጠየቃቸው። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው አገጭ። "ያ ቀልደኛው ገሠሠስ?" ወይዘሮ አበዛሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወገባቸውን ታጠቁ። ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱ። ከዚያ ስኔልቪል ውስጥ፣ ሣሩ ገና ባልያዘ ሠፈር፣ በተከፈተ ሻንጣ መሀል ቆመው ሙሾውን አወረዱት።

"ሰው ሲያስቅ ነው እንጂ ሲያስለቅስ መች አውቆ፣
ምነው ዛሬ ዝም አለ ከበረሃ ወድቆ።"

እንባቸው እውነት ነበር። ልጆቻቸውን ቀብረዋል፤ አንዱን እንዲቀብሩም አልተፈቀደላቸውም። ሙሾ የሰማ ሰው እጁን አጣምሮ አይቆምም፤ ሶፍያ አፏን ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ ለሠርጓ ያላፈሰሰችውን ይሆናል። ነጋሽ ቆቡን አወለቀ። ገሠሠ ወንበሩ ላይ፣ በጓድ መርዕድ አቀማመጥ ተቀምጦ፣ የራሱን ልቅሶ ሰማ። የፊልም ተዋናይ ብዙ ነገር ያያል፤ ይህን ግን ያየ አይመስለውም። እውነት የሞተ መሰለው። ጥያቄም አልመጣለትም። ወይዘሮ አበዛሽ ልክ ናቸው፤ እንዲህ የምታለቅስን እናት መርዕድም ቢሆን ምን ብሎ ይጠይቃል? ደብዳቤውንም ይፈርማል፣ የታወቀች ባል የሞተባት ሴት ናትና። "ሆነ" አለ ገሠሠ፤ "ልክ እንደዚህ። ልክ እንደዚህ ያድርጉት።"

ነጋሽ ሻንጣዎቹን ዘግቶ ወደ መኪናው መጎተት ጀመረ። ወይዘሮ አበዛሽ ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ፤ አሁን ዓይናቸው ወደ በሩ አይሄድም። ገሠሠ ቦርሳቸውን ሊያቀብላቸው ሲል ነው ነገሩ ድንገት የመጣለት። ልቅሶ እንዲህ ከወጣ ቀበሌው ግቢ ውስጥ አይቀርም፤ በሩን አልፎ፣ አጥሩን ዘልሎ፣ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ወይንሸት ስለ በረሃው የተባለውን አትሰማም። የምትሰማው አበዛሽ ከአትላንታ መርዶ ይዛ መምጣቷን ነው። ባሏ አትላንታ መሆኑን ደግሞ እዚያ የምታውቀው እሷ ናት። ፀጉሯን እየነጨች እየሮጠች ትመጣለች፤ በጓድ መርዕድ ፊት፣ በሠፈሩ ሁሉ ፊት፣ "ባለፈው ወር እኮ ጽፎልኛል!" ብላ ትጮኻለች። እንደዚያ ብላ ባትጮኽ ነው የሚገርመው።

"እትዬ አበዛሽ" አለ፤ ድምፁ የራሱ መሆኑን ራሱም ተጠራጠረ። "ለወይንሸት መጀመሪያ ይድረሱላት። ከማንም በፊት። በጆሮዋ፣ በሕይወት አለ ይበሏት። ከዚያ በኋላ ነው የሚያለቅሱት።"

ወይዘሮ አበዛሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ትክ ብለው አዩት። ሊያጽናኑት ፈልገው ነበር፤ ግን ውሸት አልተማሩም።

"ቤቷ ላይኛው ጫፍ ነው ልጄ" አሉ። "መንገዱ መጀመሪያ የሚደርሰው ቀበሌው በር ላይ ነው።"

ገሠሠ መንገዱን ያውቀው ነበር፤ ቦርሳቸውን አቀበላቸው።